መሪው ሲያዝ ይንቀጠቀጣል

ሲራጅ መካኒኩን መርሳ ውስጥ የማያውቀው የለም። እኔን ያህል የሚያውቀው ግን የለም፤ ይህን የምለው ልኮራ ብዬ አይደለም። የእሱን ጋራዥና የእኔን ቁርስ ቤት የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ነው። እሱ ሲያስነጥስ እኔ «የርሐሙከላህ» እላለሁ። እኔ ባሌን ስቆጣ እሱ ከማዶ መዶሻውን ያቆማል፤ ለመስማት ነው፣ አውቃለሁ።

ተወልዶ ያደገው ውርጌሳ ነው። ሙያውን ደሴ ተምሮ፣ አንድ ሣጥን መፍቻ ተሸክሞ መርሳ ሲገባ ጢም እንኳ አላበቀለም ነበር። አሁን ጢሙ ሸብቷል፤ ሣጥኑ ያው ነው። ጋራዥ ስልህ ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። አንድ ዋርካ፣ ጥቂት ቆርቆሮ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት አንድ ጉድጓድ፣ በቃ።

ይህ ሰውዬ አንድ የሚያናድድ አመል አለው። መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን አይከፍትም፤ ሾፌሩን ነው የሚከፍተው። መቼ ጀመረ? ዳገት ላይ ነው ቁልቁለት ላይ? ጭነህ ነው ባዶህን? ጎማውን መጨረሻ የፈታው ማን ነው? ቸኩሎ የመጣ ሾፌር እርር ድብን ይላል። አንዱማ «አንተ ሰውዬ መካኒክ ነህ ወይስ መርማሪ?» ብሎ መፍቻ ወርውሮበታል። ሲራጅ መፍቻውን ከመሬት አንስቶ አገላብጦ አየና «ይቺ የኔ አይደለችም፤ ከየት አመጣሃት?» አለው። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

መጀመሪያ ከተማው የተያዘ ጊዜ፣ ብዙው ሰው ወደ ደሴ ሲሸሽ፣ ሲራጅ ከአልጋ የማይነሱ እናቱን ትቶ መሄድ አልቻለም። ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች መሣሪያ ደግነው መኪና አስጠገኑት። እምቢ ቢል ምን እንደሚከተለው ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የሸሸው ሰው ሲመለስ የቀረውን በጎን ነው ያየው። «እንዴት ሳይነኩት ቀሩ?» ተባለ። እናቱ በሞቱ ጊዜ ለቅሶ የመጡት እንኳ ዓይናቸው ጋራዡን ይፈትሽ ነበር። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ።

ይህ ገና ሳይረሳ ነው የሁለት ሺህ አሥራ አራት ነሐሴ መጨረሻ የመጣው። በቆቦ በኩል ተኩሱ እንደገና ሲነሳ መርሳ ያበደች መሰለች። የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ሰው ሆነ። ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና «ፀጉረ ልውጥ ያያችሁ ጠቁሙ! ሰምቶ ዝም ያለ ከተናጋሪው እኩል ይጠየቃል!» እያለች ትዞራለች። አዲስ ጫማ ያደረገ ይጠረጠራል፤ ጫማ ያላደረገም ይጠረጠራል። ፀጉሩን የተላጨ የገዛ ዘመዴ እንኳ «መታወቂያ!» ተብሎ ገበያ መሐል ቆሟል። እኔም ብሆን ከሰው የተለየሁ አልነበርኩም። ሳሙኤል የሚባል ከቆቦ በኩል ተፈናቅሎ የመጣ ሰው እኔ ጋ ይውል ነበር፤ አንዲት ሻይ ይዞ ጥግ ይቀመጥና ሰው ሲናገር ቀና ይላል። አይጥመኝም ነበር። የሰው አፍ እየቆጠረ ነው እልሃለሁ፤ አለቀ።

ያን ቀን ረፋዱ ላይ ቤት ውስጥ የነበርነው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሳሙኤል ጥግ ላይ፣ ባሌ ኡበይደላ ከጓዳው በር ሥር ሽንኩርት እየከተፈ፣ እኔ ፉል እያማሰልኩ፣ ሲራጅ መሐል ላይ ቁርሱን እየበላ። ኡበይደላ ድሮም ድምፁ አይሰማም። ያኔ ከተማው ሲያዝ አስረው ከገረፉት ወዲህ ደግሞ በር ሲንኳኳ ቢላዋ ከእጁ ይወድቃል።

የሲራጅ ስልክ ጮኸ። እጁ በፉል ተለውሷል፤ በክርኑ ነካ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በላውድ ስፒከር አነሳው። ዳዊት ነው፤ ከወልድያ መርሳ ሚኒባስ የሚነዳ ልጅ፣ የሲራጅ ደንበኛ። ድምፁ ቤቱን ሞላው።

«ሲራጅ፣ መሪው አስቸገረኝ! ይንቀጠቀጣል!»

«መቼ መቼ ነው የሚንቀጠቀጠው?» አለ ሲራጅ፤ ጀመረ እንግዲህ ምርመራውን።

«ሲያዝ።»

«ሳይያዝስ?»

«ሳይያዝማ ሰላም ነው። ሲያዝ ብቻ ነው። በተለይ ቁልቁለት ላይ ሲያዝ ጉድ ነው የሚያሳየው!»

ሲራጅ ጉርሻውን ዋጠ። «እንግዲያው ጥፋቱ የመሪው አይደለም። የተበላሹት የፊቶቹ ናቸው። መሪው የሚንቀጠቀጠው በእነሱ ምክንያት ነው።»

«የኋላዎቹስ?»

«የኋላዎቹን ለጊዜው ተዋቸው። የፊቶቹን ግራና ቀኝ ሁለቱንም እናወርዳቸዋለን። ዛሬውኑ ና። መሪውን አጥብቀህ ያዝ፤ እንዳትቸኩል። ማንም እንዳይነካብህ፣ እኔ ራሴ ነኝ የማየው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሲራጅ ቁርሱን ጨርሶ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወጣ። ሳሙኤልም ቆየት ብሎ ወጣ። ኡበይደላን ቲማቲም ገበያ ላክሁት። እኔ ሰሐን አጠብኩ። መኪና ነው፤ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል፤ ምን የሚያስገርም ነገር አለው?

ከዙህር በኋላ ከማዶ ሁካታ ሰማሁ። ሮጬ ብወጣ ሲራጅን ሚሊሻዎች እጁን ወደ ኋላ በገመድ አስረው ያወጡታል። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ሕዝብ መንገዱን ሞልቷል። «ሰላይ ነው! ያኔም አብሯቸው ነበር!» ይላል አንዱ። ያ አንዱ ባለፈው ሳምንት ሞተር ሳይክሉን በነጻ ያሠራ ሰው ነው፤ አፈር ይብላና! ሲራጅ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔን ሲያይ «አሚና፣ ጋራዡን ዝጊልኝ» ብቻ አለ።

ሚስቱ ለይላ ውርጌሳ ወላጆቿ ዘንድ ነበረች። ማን ይቁምለት? ነጠላዬን እንደነገሩ ጣል አድርጌ ቀበሌ ሄድኩ። የሚሊሻው አዛዥ ጋሽ ደሳለኝ ናቸው፤ ከጉባ ላፍቶ ደጋ የወረዱ ገበሬ፣ ሁለት ልጆቻቸው ግንባር ያሉ፣ እንቅልፍ ካዩ የሰነበቱ ሰው። መሣሪያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ ምን አድርጎ ነው?» አልኳቸው።

«ማታ ወደ ደሴ ይላካል። እዚያ ይጠየቃል።»

ደሴ ከተላከ ማን ያውቀዋል? ማን ይመሰክርለታል? ደግሞስ ደጁ ላይ ያለው ሕዝብ መኪናዋን ያሳልፋታል? መንገድ ላይ አስወርደው ቢጨርሱትስ? እዚሁ መርሳ ካልተፈታ ሲራጅ አለቀለት፤ ይህ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

«ምን ብሎ ነው የሚጠየቀው?»

«መሪው ሲያዝ ይንቀጠቀጣል ብሏል። የፊቶቹ ተበላሽተዋል፣ ግራና ቀኙን እናወርዳቸዋለን ብሏል። መሪው ማን ነው? ሊይዙ ያሰቡት ማንን ነው? የፊቶቹስ? ልጆቼ ፊት ናቸው፤ ልጆቼን ነው የሚያወርደው?»

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ።

«ያስቃል?» አሉ። አፈሙዙ ወደ እኔ አልዞረም፤ ዓይናቸው ግን ዞረ።

«የመኪና መሪ ነው እኮ! ሾፌሩ የሚጨብጠው ክብ ነገር! ፍሬን ሲያዝ ይንቀጠቀጣል ነው ያለው!»

አሰብ አደረጉ። «ፍሬን የሚይዘው ጎማውን ነው። ታዲያ ጎማው ይንቀጥቀጥ እንጂ መሪው ምን ጥልቅ አደረገው?»

እኔ ፉል ነው የማውቀው። «እሱን ሲራጅ ይንገርዎ» አልኩ።

«መኪናውስ የታለ? እውነት ከሆነ ዛሬ ይመጣል ተብሏል አይደል? ይምጣዋ!»

ዳዊት ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ከወልድያ መርሳ ምን ያህል መንገድ ነውና እስካሁን? አንዱ ሚሊሻ «ሰምቶ አምልጧል» አለ። እኔም በሆዴ ዳዊትን ጠረጠርኩት፤ ልዋሽህ አልችልም። ይህ ልጅ ሌላ ነገር ቢኖረውስ? ሲራጅስ ቢሆን ያንን ሁሉ ወር አብሯቸው ከርሞ… ብዬ ጀመርኩና ራሴን ተቆጣሁት። እንዲህ ነው ያ ጊዜ፤ ከሰው ጋር ቆመህ እንኳ ውስጥህ ይሸሻል።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የዳዊት ሚኒባስ መንገዱን ይዛ ስትንፏቀቅ መጣች። ሰው ሁሉ ከበባት። ለካ ልጁ በየኬላው እየተፈተሸ፣ ከሲሪንቃ ጀምሮ ደግሞ እንደ ኤሊ ነው የመጣው፤ «እንዳትቸኩል ብሎኝ» ይላል ላቡን እየጠረገ። ስልኩ ባትሪ ጨርሷል። የሆነውን ሲነግሩት የመኪናውን በር ከፍቶ «ኑ፣ ራሳችሁ እዩት!» አለ።

«ግቡ» አሉ ጋሽ ደሳለኝ። «እናያለን።»

እሳቸው ከዳዊት ጎን ተቀመጡ። ሲራጅ እንደታሰረ ከኋላ ከሚሊሻ ጋር ገባ። እኔን የጋበዘኝ አልነበረም፤ ዘልዬ ገባሁ። ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ተነዳና ዳዊት ፍሬን ያዘ። መሪው ንቅንቅ አላለም። ደግሞ ያዘ። ምንም። ያረቢ!

«የታለ የሚንቀጠቀጠው?» አሉ ጋሽ ደሳለኝ ቀስ ብለው። ቀስ ሲሉ ነው የሚያስፈሩት።

«ፍጥነት የለውም፣ ጋሼ» አለ ሲራጅ ከኋላ። «ቀስ ሲል አይታወቅም። ፍጥነት ይጨምርና ይያዝ።»

«ይጨምር? ከከተማ እየወጣን ይጨምር?» ዞረው አዩት። «ልታመልጥ ነው?»

«እጄ ታስሮ ወዴት ነው የማመልጠው? መሣሪያው በእርስዎ እጅ ነው።»

ጋሽ ደሳለኝ መሣሪያቸውን አቀባበሉ። ድምፁን ስሰማ ወንበሩን ጨበጥኩ። «ጨምር» አሉት ዳዊትን። ጨመረ፤ ዛፎቹ ወደ ኋላ መሮጥ ጀመሩ። ከዚያ ያዘ። መሪው ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ! የዳዊት ሁለት እጅ አብሮ ይርገበገባል፤ ጋሽ ደሳለኝ አንድ እጃቸውን ሰደው ጨበጡት፣ የእሳቸውም ክንድ እስከ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። እልል ልል ነበር፤ የሚሊሻውን ፊት አይቼ ዋጥኩት።

አዛዡ ግን በቀላሉ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። «ሾፌሩ በእጁ እየነቀነቀው ቢሆንስ?»

«መልካም» አለ ሲራጅ። ይሄኔ ነው ሲራጅ ሲራጅን የሆነው፤ መታሰሩን ረሳ። «አሁን ደግሞ በእግሩ አይያዝ። ፍጥነት ይዞ በእጅ ፍሬን ቀስ አድርጎ ያቁመው። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ብቻ ነው። እርስዎ መሪውን ይያዙ።»

እንዳለው ሆነ። መኪናዋ ስትቆም መሪው በሳቸው እጅ ውስጥ ጸጥ እንዳለ ነው።

«የኋላዎቹን ተዋቸው ያልኩት ለዚህ ነው» አለ ሲራጅ። «ችግሩ ኋላ ቢሆን ኖሮ አሁንም መኪናዋ ትነዝር ነበር። የፊት ጎማዎቹ ከመሪው ጋር በብረት የተያያዙ ናቸው። ፍሬኑ ወጣ ገባ ያለ ነገር ሲጨብጥ ጎማው ይነዝራል፣ ያ ብረት ይዞት ይመጣና ሾፌሩ እጅ ላይ ያራግፈዋል።»

ጋሽ ደሳለኝ መሪውን ለቀቁና «ገመዱን ፍቱለት፤ ይሥራውና ልይ» አሉ።

ጋራዡ ደጃፍ ሕዝቡ አልተበተነም ነበር። በዚያ ሁሉ ዓይን መሐል ሲራጅ መኪናዋን በክሪክ አነሳ፤ ጎማውን አወረደ። ፍሬኑ የሚጨብጠው ክብ ብረት አለ፣ ዲስክ ይሉታል። ጎማውን ያሰሩትን ዳዶዎች መልሶ ዲስኩን ባለበት አሰረና አንድ ሚስማር በሽቦ ከጎኑ አቆመ፤ ጫፉ ዲስኩን ሊነካ ምንም አልቀረው። «ይምጡ፣ ጋሼ» አለ። አዛዡ በርከክ ብለው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፤ እንደሚያነጣጥሩ። ሲራጅ ዲስኩን ቀስ አድርጎ አዞረው።

«ነካው» አሉ ጋሽ ደሳለኝ። «ለቀቀው። ነካው። ለቀቀው። ይሄ ነገር ጠማማ ነው!»

«ጠማማው እሱ ይሁን የተቀመጠበት ብረት ገና አናውቅም» አለ ሲራጅ። ከዚያ እንደ አመሉ ወደ ዳዊት ዞረ። «ይህን ዲስክ መጨረሻ ያወረደው ማን ነው?»

ዳዊት አሰበና «ያኔ ከተማው ሊያዝ ሲል፣ እንዳይወስዷት ብለን እኔና ወንድሜ ሐራ ወስደን ጭድ ውስጥ ስንደብቃት» አለ። «ጎማውንም ዲስኩንም አውርደን ለየብቻ ቀበርነው። ስንመለስ ራሳችን ገጠምነው።»

«ሳታጸዱ?»

«ማን ያጸዳል በዚያ ጭንቅ?»

ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰው «እኔም የኔን እንደዚሁ ነው ያደረግሁት» ሲል ሰማሁ። ሲራጅ ዲስኩን እንጨት አስደግፎ በመዶሻ እየመታ አላቀቀው። ሥሩ ያለው የሚቀመጥበት ብረት ዝገትና የደረቀ ጭቃ ጋግሯል፤ ጭድም ተጣብቆበታል። በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ስስ። ዲስኩ እዚያ ላይ ተንጋዶ ነው የከረመው። ግራውም ቀኙም ያው ነው። በሽቦ ብሩሽ እስኪያብረቀርቅ ፈተገው፣ የዲስኩንም ጀርባ ፈተገ። መልሶ ገጠመና ሚስማሩን አቆመ። አሁን ሚስማሩ ዙሪያውን አልነካም። ጎማውን ሲያስር ዳዶውን ተራ በተራ አላጠበቀም፤ አንዱን ያዝ አድርጎ ፊት ለፊቱ ወዳለው ይሻገራል፣ ደግሞ ይመለሳል። «ባንድ ወገን ቀድመህ ካጠበቅህ መልሶ ይንጋደዳል» አለ፤ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

ዳግመኛ ሄድን። ፍጥነት፣ ፍሬን። መሪው ጸጥ። አንዲት ትንሽ ነዘር ብቻ ቀርታለች፤ ሲራጅ አልደበቀም። «ተንጋዶ ሲሠራ ትንሽ በልቶታል። ደሴ ቶርኖ ቤት ካልተላገ ያቺ አትለቅም» አለ። መቼም ይህ ሰው መዋሸት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ በዚያ ሰዓት እንኳ!

ስንመለስ ጋሽ ደሳለኝ ወርደው ሕዝቡን በተኑት። ሲራጅን ትከሻውን ያዙት። «ካሁን በኋላ በስልክ መሪ ምናምን እያልክ አታውራ።»

«ታዲያ ምን ልበለው፣ ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ክቡ ነገር በለው!»

ያ ቀን እንደዚያ አለፈ። እኔን ግን አንድ ነገር ይበላኝ ጀመር፤ ማን ነው የጠቆመው? ደግሞ ማሰብ ያስፈልገዋል? ሳሙኤል ነዋ! በነጋታው ሲመጣ ገና ከመቀመጡ «ውጣ! የሰው ነፍስ ሸጠህ ሻይ አትጠጣም» አልኩት። ኮፍያውን አንስቶ ሄደ። ኡበይደላ አንገቱን ደፍቶ ይከትፋል። ሲራጅ እንደወትሮው ቁርሱን መብላቱን ቀጠለ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ውጊያው ጋብ ብሎ መንገዱ መተንፈስ ከጀመረ በኋላ ነው፣ አንድ ጠዋት ሳሙኤል ከማዶ ጫት ከሚሸጡበት ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ አየሁት። «እዩት ይሄን አፍ ቆጣሪ!» አልኩ። ሲራጅ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አሚና፣ ተይው ሰውዬውን። እሱ አይደለም።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ጋሽ ደሳለኝ ነግረውኛል። ከፈቱኝ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ማን ነው? ተናገር እንጂ!»

ሲራጅ ብርጭቆውን ያሽከረክራል። በዚህ መሐል ከጓዳው በር ሥር የሽንኩርቱ ቱክ ቱክ ቆመ። ዞር አልኩ። ኡበይደላ ቢላዋውን ይዞ ደርቋል። ዓይኑ እንባ ሞልቷል፤ ሽንኩርቱ ነው እንዳልል እሱን በሽንኩርት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

«አንተ?» አልኩ። «ኡበይደላ፣ አንተ? ስለ መኪና እንደሚያወሩ አልገባህም?»

«ገብቶኛል» አለ።

«ገብቶህ!»

«ለእኔማ ገብቶኛል። ለሳሙኤል ግን የገባው አልመሰለኝም፤ ጆሮውን ቀስሮ ነበር። ሮጦ የሚናገር መሰለኝ። እሱ ቀድሞ ቢናገር ‹የማን ቤት ነው?› ይባላል። ‹ሰምታ ዝም ብላለች› ይሉና አንቺን ይወስዱሻል። መታሰር ምን እንደሆነ እኔ አውቀዋለሁ። ቲማቲም ስትልኪኝ… ቀደምኩት። ‹መኪና ነው› ካልኩማ ‹እየደበቅህለት ነው› ይሉኛል።»

ልጮህበት ፈለግሁ፤ በምን አፌ? ለኔ ብሎ ነው። ላቅፈው ፈለግሁ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሲራጅ ያኔ ታስሮ የወጣበትን ደጅ አየሁ፤ መንገድ ማዶ የተቀመጠውን ሳሙኤልን አየሁ። ከዚያ ወደ ሲራጅ ዞሬ፣ «ይህን ሁሉ ወር እያወቅህ ከእጁ ስትበላ ከረምህ? ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

ሲራጅ ተነሳ፤ እጁን በጨርቁ ጠረገ።

«ምን ብዬ ልንገርሽ፣ አሚና?» አለኝ። «ባልሽ በጣም ይወድሻል ብዬ?»

ኡበይደላን በጎኑ አልፎ ወደ ሥራው ሄደ።